ቁልፍ የሚሰጥበት ቀን፦ በተከራይ ለተጎዳ ቤት ካሣ ስለሚጠየቅበት መንገድ



ይህ ዲስኩር የተዘጋጀው በአዲስ አበባ መኖሪያ ቤት የሚያከራዩ ሰዎች፣ ተከራይ ቤታቸውን ጎድቶ ሲወጣ የሚደርስባቸውን ኪሳራ በሕግ አግባብ የሚያስመልሱበት መንገድ እንዲብራራ በቀረበው ግብዣ መሠረት ነው። ርእሱ ሲታይ ለአከራይ ወገን ያደላ ቢመስልም፣ አከራዩን ለካሣ የሚያበቃው ማስረጃ ተከራዩንም ላላጠፋው ጥፋት ከመክፈል የሚያድነው ማስረጃ በመሆኑ፣ ነገሩ ሁለቱንም ወገኖች እኩል ይመለከታል። የዲስኩሩ ዋና ሐሳብ፣ የካሣ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚለየው ተከራዩ ዕቃውን ጭኖ በሚወጣበት ዕለት ሳይሆን ቁልፍ በሚቀበልበት ዕለት ነው የሚል ሲሆን፣ ይህ ሐሳብ በሚከተሉት ነጥቦች ውስጥ ደጋግሞ ይመለሳል። ነጥቦቹም የካሣው መብት ከየት እንደሚመነጭ፣ በምን እንደሚረጋገጥ፣ ጉዳት ከእርጅና እንዴት እንደሚለይና ልኩ እንዴት እንደሚሰላ፣ በመጨረሻም ገንዘቡ በእርግጥ እጅ የሚገባበት መንገድ የትኛው እንደሆነ የሚመለከቱ ናቸው።

የመጀመሪያው ነጥብ የመብቱ ምንጭ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2896 ጀምሮ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይ የሚደነግግ ሲሆን፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲባል መሬትንና በላዩ የተሠራን ቤት የመሰለ ከቦታ ቦታ የማይዛወር ሀብት ማለት ነው። የኪራይ ውል አንዱ ወገን የቤቱን መገልገያነት ለጊዜው ሲሰጥ ሌላው ወገን ዋጋ የሚከፍልበት ውል ስለሆነ፣ ተከራዩ የሚያገኘው መገልገያነቱን ብቻ ነው፤ ቤቱን በጥንቃቄ ይዞ በጊዜው የመመለስ ግዴታም ከዚሁ ይመነጫል። ይህን ግዴታ ያልፈጸመ ተከራይ ውሉን እንዳልፈጸመ ይቆጠራል፤ ስለ ውሎች በጠቅላላው የሚደነግገው የሕጉ ክፍል ደግሞ በአንቀጽ 1790ና በተከታዮቹ ውል ያልተፈጸመለት ወገን ኪሣራ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። በዚህ አገባቡ ኪሣራ ማለት ውሉ ባለመፈጸሙ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈል ገንዘብ ነው።

በዚህ ላይ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተጨምሯል። አዋጁ ይበልጥ የታወቀው በኪራይ ጭማሪ ላይ በጣለው ቁጥጥርና ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ በማድረጉ ነው፤ ለዛሬው ጉዳይ ግን ከእነዚህ ይልቅ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ማዘዙ የላቀ ዋጋ አለው። ብዙ አከራዮች ይህን ትእዛዝ ግብር ሰብሳቢው የዘረጋው ወጥመድ አድርገው ቢያዩትም፣ ቤቱ የተጎዳበት አከራይ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የሚይዘው የመጀመሪያ ሰነድ ይኸው የተመዘገበ ውል እንደሚሆን መዘንጋት የለበትም።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ነገር መጠቀስ ይገባዋል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲታወጅ፣ በግል አከራይና በግል ተከራይ መካከል የነበረው ግንኙነት ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ፤ ተከራዩ ከቀበሌ ወይም ከኪራይ ቤቶች ድርጅት ጋር የሚገናኝ ሆነ። የግል ኪራይ ሲመለስና በተለይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በጎተራ፣ በጀሞ፣ በሰሚት፣ በየካ አባዶና በኮዬ ፈጬ ተገንብተው ብዙ ሰው የቤት ባለቤት ሲሆን፣ ቤትን ቆጥሮና ጽፎ የማስረከብ ልማድ አብሮ አልተመለሰም፤ ደላላው ባገናኘበት ዕለት ውሉ ተፈርሞ ቁልፉ ይሰጣል፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል።

ሁለተኛው ነጥብ ማስረጃ ሲሆን፣ የዲስኩሩ ክብደት ያረፈውም እዚህ ላይ ነው። በፍርድ ቤት ግዴታ አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን የማስረዳት ሸክም አለበት። አከራዩ የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ተሰንጥቋል ብሎ ሲከስ ዛሬ የተሰነጠቀ ሴራሚክ ማሳየት አይከብደውም፤ የሚከብደው ሴራሚኩ ተከራዩ በገባበት ዕለት ደህና እንደነበር ማሳየቱ ነው። ተከራዩ “ስገባም እንዲሁ ነበር” ያለ እንደሆነ፣ ዳኛው የሁለት ሰዎችን ቃል በሚዛን ላይ አስቀምጦ ከመመልከት በቀር ሌላ የሚያየው ነገር አይኖረውም። በየኮምፒውተር ቤቱ የሚታተሙት የኪራይ ውሎች አብዛኛውን ጊዜ “ቤቱን በመልካም ሁኔታ ተረክቤያለሁ” የሚል አንድ መስመር አላቸው፤ ይህ መስመር ከምንም ቢሻልም፣ መልካም የተባለው ቀለሙ ይሁን ቧንቧው ወይም የቁም ሳጥኑ ማጠፊያ የማይናገር በመሆኑ ለክርክር በሩን ክፍት ይተወዋል።

ስለዚህ ከውሉ ጋር አብሮ የሚፈረም የርክክብ ሰነድ ያስፈልጋል። የርክክብ ሰነድ ማለት ቤቱ በየክፍሉ ምን እንዳለውና ያለው ነገር በምን ሁኔታ እንደሚገኝ የሚዘረዝር፣ ሁለቱ ወገኖች በየገጹ የሚፈርሙበት ጽሑፍ ነው። የሳሎኑ ቀለም መቼ እንደተቀባ፣ የወጥ ቤቱ ሲንክ ያንጠባጥብ እንደሆነ፣ ስንት ሶኬት እንደሚሠራ፣ የኤሌክትሪክና የውኃ ቆጣሪው ንባብ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ቁልፍ እንደተሰጠ ይጻፍበታል። ቀደም ሲል የነበረ ጉድለትም ሳይደበቅ መጻፍ አለበት፤ ምክንያቱም በአንዱ ክፍል ኮርኒሱ ውኃ ጠጥቶ እንደነበር ራሱ የጻፈ አከራይ፣ የሌላው ክፍል ኮርኒስ ደህና ነበር ሲል ይታመናል። ዛሬ ስልክ ያልያዘ ሰው የለም ለማለት የሚያስደፍር ስለሆነ፣ ተከራዩ ባለበት እያንዳንዱ ክፍል ፎቶግራፍ ተነሥቶ በዚያው ዕለት በቴሌግራም ወይም በሌላ መንገድ ለሁለቱም ቢላክ፣ ቀኑ በመልእክቱ ላይ ስለሚቀር የሰነዱ ደጋፊ ይሆናል። ያው ሰነድ በመውጫው ዕለት እንደገና ወጥቶ ሁለቱ ወገኖች ከቤቱ ጋር እያነጻጸሩ ሊያዩት ይገባል፤ ተከራዩ ለመገኘት ፈቃደኛ ካልሆነ አከራዩ ገለልተኛ የሆኑ ምስክሮችን ለምሳሌ የጋራ ሕንፃውን ማኅበር ተወካይ ይዞ፣ አንድም ነገር ሳያድስ፣ ያየውን ይመዘግባል። በቁጣ ተነሥቶ በማግሥቱ ግድግዳውን ያስቀባ አከራይ ማስረጃውን በገዛ ብሩሹ ያጠፋል።

ከማስረጃ ሳይወጣ፣ በአደባባይ ብዙም የማይነገር አንድ ነገር አለ። አንዳንድ አከራዮች ግብር ለመቀነስ ሲሉ በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ኪራይ ይጽፋሉ። ቤቱ በወር በ20,000 ብር ተከራይቶ ውሉ 9,000 ብር ይላል እንበል። ተከራዩ ቤቱን ጎድቶት ጥገናው ሁለት ወር ቢፈጅ፣ አከራዩ በእነዚያ ወራት ያጣውን ኪራይ መጠየቅ ይፈልጋል፤ ይሁን እንጂ በጽሑፍ የተደረገ ውል በፈራሚዎቹ መካከል በውስጡ ስላለው ስምምነት የታመነ ማስረጃ በመሆኑ፣ የሚጠይቀው 40,000 ብር ወደ 18,000 ብር ይወርዳል። ከዚህ አልፎ፣ እውነተኛው ኪራይ 20,000 ብር ነበር ብሎ መከራከር ራሱ በግብር በኩል ሌላ ጣጣ ይጠራል። ስለዚህም አከራዩ መብቱን እያወቀ ዝም ይላል፤ ተከራዩም ዝም እንደሚል ያውቃል። በከተማዋ ብዙ ጉዳት ሳይከፈል የሚቀረው ሕጉ ስለሳሳ ሳይሆን ውሉ ከመጀመሪያው ሐሰት ስለያዘ ነው ቢባል የተጋነነ አይሆንም።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ሦስተኛው ነጥብ በጉዳትና በእርጅና መካከል ያለው ልዩነት ነው። እርጅና ማለት ቤቱ በተለመደው አኗኗር ሲያገለግል ከጊዜ ብዛት የሚደርስበት መዳከም ሲሆን፣ ዋጋው በወር ኪራዩ ውስጥ ስላለ ተከራዩ ዳግመኛ አይከፍልበትም። ጉዳት ግን ከተለመደው አጠቃቀም ውጭ በሆነ ድርጊት ወይም በቸልተኝነት የሚደርስ ነው። ልዩነቱ በቃል ሲነገር የቀለለ ቢመስልም በቤት ውስጥ ሲታይ ይከብዳል። የደበዘዘ ቀለምና በመግቢያው የሳሳ ሊሾ እርጅና ናቸው፤ ቡና በሚፈላበት ማዕዘን ኮርኒሱን በመጠኑ ያጠየመ የዕጣን ጢስም በዚህ አገር ከተለመደ አኗኗር ውጭ ነው ለማለት አይቻልም። በአንጻሩ በር በሌለው ጠባብ መተላለፊያ በየቀኑ ከሰል እያነደዱ ግድግዳውን ማጥቆር፣ ሊሾ ላይ እንጨት መፍለጥ፣ ያለ ፈቃድ ግድግዳ ሰብሮ ክፍል መቀላቀል ጉዳት ነው።

በመካከል የሚወድቁ ጉዳዮችም አሉ፤ ከእነዚህም የኤሌክትሪክ ምጣድ አንዱ ነው። ምጣድ ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ዋት የሚደርስ ኃይል ስለሚስብ፣ ቀጭን ሽቦ በተዘረጋበት ቤት ሶኬቱን ያቀልጣል፣ አንዳንዴም ገመዱን እስከ ማከፋፈያው ድረስ ያቃጥላል። እዚህ ላይ ጥያቄው ምጣዱን ማን ሰካው የሚለው ብቻ አይደለም። እንጀራ መጋገር በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ የሚጠበቅ አገልግሎት ስለሆነ፣ ለመኖሪያ የተከራየ ቤት የምጣድ መስመር ሳይኖረው ጉዳቱ ከደረሰና አከራዩም አስቀድሞ ካላስጠነቀቀ፣ ጉድለቱ ወደ ቤቱ ባለቤት ያደላል። ተከራዩ ግን ለምጣድ የተለየ መስመር እያለ ከመኝታ ክፍል በኤክስቴንሽን ስቦ ከጋገረ፣ ለተቃጠለው መስመር ተጠያቂነቱ የእሱ ነው።

ሌላው ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት የጋራ መኖሪያ ቤት ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ተከራዩ ጠዋት ቧንቧ ከፍቶ ውኃ ሲያጣ ሳይዘጋው ወደ ሥራ ይሄዳል፤ ውኃው እኩለ ቀን ላይ ይመጣና ወለሉን ሞልቶ ወደ ታችኛው ፎቅ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ጉዳቱ በሁለት ቤቶች ላይ ይደርሳል፤ መብቱም ሁለት መልክ ይይዛል። አከራዩ ተከራዩን የሚጠይቀው በውል ነው። የታችኛው ጎረቤት ግን ከተከራዩ ጋር ውል ስለሌለው የሚጠይቀው ከውል ውጭ በሚደርስ ኃላፊነት ሲሆን፣ ይህም በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ካሣ ይክፈል የሚለው የአንቀጽ 2028 ደንብ ነው። ልዩነቱ በጊዜ ገደብም ይታያል፤ በውል ላይ የተመሠረተ ክስ በአንቀጽ 1845 መሠረት እስከ አሥር ዓመት ሊቀርብ ሲችል፣ ከውል ውጭ የሆነው የካሣ ክስ በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ ይኖርበታል። ዕቃ ሲያወርድ በር የሰበረውን የተከራይ ወዳጅ በቀጥታ ሊከስ የሚፈልግ አከራይም የሚገዛው በዚሁ አጭር ጊዜ ነው። ጉዳቱን ያደረሰው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከሆነ ሕጉ ኃላፊነቱን በአባት ላይ ያደርገዋል።

ጉዳት መኖሩ ከታወቀ በኋላ የሚከተለው ልኩ ነው። መርሁ ካሣ ከጉዳቱ ጋር ይተካከል የሚል ስለሆነ፣ አከራዩ ከጉዳቱ በፊት ከነበረበት ሁኔታ የተሻለ ነገር በተከራዩ ገንዘብ ሊያገኝ አይገባውም። ለምሳሌ ያህል፣ አንድን ቤት ቀለም መቀባት 30,000 ብር ይፈጃል፣ ቀለሙም በተለመደ አያያዝ አምስት ዓመት ያገለግላል ቢባልና ተከራዩ ያበላሸው አራት ዓመት ያገለገለውን ቀለም ቢሆን፣ በተከራዩ ምክንያት የጠፋው የቀረው የአንድ ዓመት አገልግሎት ስለሆነ ተገቢው ጥያቄ ወደ 6,000 ብር ይጠጋል። ይህ ስሌት ፍርድ ቤት የግድ የሚከተለው ቀመር አይደለም፤ ነገር ግን ሙሉውን 30,000 ብር መጠየቅ አከራዩን በትንሹ ጥያቄው ላይ እንኳ አመኔታ ሲያሳጣው፣ በልኩ የጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የጠየቀውን ያገኛል። ዋጋውን በግምት ከመናገር ከአንድ በላይ የባለሙያ ግምትና የዕቃ ዋጋ ማቅረቢያ መያዝ፣ ከጥገናም በኋላ ሕጋዊ ደረሰኝ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ያልተከፈለ የኤሌክትሪክና የውኃ ክፍያ በርክክብ ሰነዱ ላይ ካለው የቆጣሪ ንባብ ጋር ተነጻጽሮ ስለሚሰላ ብዙ አያከራክርም።

ካሣ የሚጠይቅ ወገን ጉዳቱ እንዳይባባስ የሚችለውን የማድረግ ግዴታ እንዳለበትም ሕጉ በአንቀጽ 1802 ይናገራል። ቧንቧ እንደሚያፈስ ተነግሮት ለወራት ያልጠገነ አከራይ፣ በእነዚያ ወራት ለበሰበሰው ወለል ሙሉ ካሣ ሊጠይቅ አይችልም፤ ጉዳቱ የተመዘገበለት ቤት ሳይጠገን ዓመት ሙሉ ቢዘጋም የዓመት ኪራይ ከተከራዩ አይጠየቅም።

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥብ ገንዘቡ እጅ የሚገባበት መንገድ ነው። በከተማዋ የቆየው ልማድ የሦስት ወይም የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ መቀበል ሲሆን፣ አዲሱ አዋጅ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ወስኗል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። ቅድሚያ ክፍያ ኪራይ ነው፤ ወራቱ ሲያልፉ ያልቃል፤ በመውጫው ዕለት ለተሰበረ መስኮት የሚተርፍ ነገር አይኖረውም። የመያዣ ገንዘብ ግን ለጉዳት ዋስትና ሆኖ የሚቀመጥና ጉዳት ከሌለ የሚመለስ ስለሆነ፣ በውሉ ላይ በስሙ ተጠርቶ፣ ለምን እንደሚቀነስና መቼ እንደሚመለስ መጻፍ አለበት። ሆኖም በመያዣ ስም የሁለት ወሩን ጣሪያ ማለፍ የሚፈልግ አከራይ ከተቆጣጣሪው ጋር ክርክር እንደሚጠብቀው ማሰብ ይኖርበታል።

ከገንዘብ ይልቅ ሰው ዋስ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ዋስ ማለት ባለዕዳው ያልፈጸመውን ለመፈጸም በራሱ ላይ ግዴታ የሚወስድ ሦስተኛ ሰው ነው። ይሁን እንጂ በአንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም። “ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊ ነኝ” የሚለው የተለመደ አነጋገር እጅግ ሰፊ ቢመስልም፣ አኃዝ ስለሌለው አከራዩን ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

ተከራዩ ከወጣ በኋላ ቀዳሚው እርምጃ ጉዳቱን፣ ልኩንና መክፈያውን ቀን የሚገልጽ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ቀጥሎ ሽምግልና ይመጣል፤ ሽማግሌዎች የሚያስማሙት ነገር በጽሑፍ ሆኖ ሲፈረም በሕጉ ዕርቅ ተብሎ ተዋዋዮቹን የሚያስር ሲሆን፣ በቃል ብቻ የቀረ ስምምነት ግን ሌላ ክርክር ይወልዳል። ይህ ካልሆነ የቀረው ፍርድ ቤት ነው። ንብረትን ሆን ብሎ ማበላሸት በወንጀል ሕግም የሚያስጠይቅ ቢሆንም፣ የወንጀል አቤቱታን ለገንዘብ ማስፈራሪያ ማድረግ አይመከርም፤ አብዛኛው የቤት ጉዳት ከቸልተኝነት እንጂ ከክፋት ስለማይመጣ አቤቱታው ብዙ ርቀት አይሄድም። ተከራዩ ገና ቤቱ ውስጥ እያለ መቆለፊያ መለወጥ፣ ውኃና መብራት መቁረጥ ደግሞ ከሳሽን ተከሳሽ የሚያደርግ ነገር ነው፤ የያዘውን ቤት በጉልበት የተነጠቀ ሰው ይዞታው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት አለውና።

የፍርድ ወረቀት መያዝም ገንዘብ መያዝ አይደለም። ተከራዩ አድራሻ ሳይተው ከተሰወረ መጥሪያ የሚደርሰው አይገኝም፤ ከተገኘም በስሙ ያለው ንብረት ለኑሮው የግድ የሚያስፈልገው ዕቃ ብቻ ከሆነ ለአፈጻጸም አይያዝም። የመታወቂያ ቅጂ፣ የሥራ ቦታ፣ የዋሱ አድራሻና የተከራዩ የባንክ ሂሳብ በውሉ ላይ እንዲሰፍሩ የሚመከረው ለዚህ ነው፤ እነዚህም የሚገኙት ቁልፍ በሚሰጥበት ዕለት እንጂ ከዚያ በኋላ አይደለም።

በመጨረሻ የሚነሣው በውጭ አገር የሚኖሩ ባለቤቶች ጉዳይ ነው። በዋሽንግተን፣ በዱባይ ወይም በቴል አቪቭ የሚኖር ባለቤት በአያት ወይም በገርጂ ያለ ቤቱን ለወንድሙ ወይም ለእኅቱ በውክልና አስይዞ ያከራያል። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ይሸፍናል፤ በአንቀጽ 2205 መሠረት ግን ክስ ለማቅረብም ሆነ ለመታረቅ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ውክልናው “ቤቴን እንዲያከራይና ኪራይ እንዲሰበስብ” ብቻ የሚል ከሆነ፣ ወንድምየው የተሟላ የርክክብ ሰነድና ፎቶግራፍ ይዞ ፍርድ ቤት ቢቀርብም፣ በባለቤቱ ስም የመክሰስ ሥልጣን የለህም የሚል መቃወሚያ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ይጠብቀዋል። በኤምባሲ በኩል አዲስ ውክልና አስጽፎ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ አሳልፎ እስኪመለስ ተከራዩ ሌላ ሰፈር ገብቷል። ስለዚህ በውጭ ያላችሁ፣ እንዲሁም ወኪል ሆናችሁ እዚህ የተቀመጣችሁ፣ በእጃችሁ ያለው ውክልና “እንዲከስ፣ እንዲከሰስ፣ እንዲታረቅ” የሚሉትን ቃላት የያዘ መሆኑን ከሚቀጥለው ተከራይ ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት ማየት ይገባችኋል። የቀረው ጊዜ ለአዳራሹ ጥያቄ የተተወ ነው።